የቤት ኮምፒውተርን ከቫይረስና ከሰላይ ፕሮግራም የመጠበቅ መመሪያ፦ ለጎንደር ተጠቃሚዎች

ይህ መመሪያ ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ በቤቱ ላለው፣ የኮምፒውተር ሙያ ለሌለው የጎንደር ነዋሪ የተዘጋጀ ነው። የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል በውጭ አገር ከሚጻፉት መመሪያዎች ትንሽ ይለያል፤ ምክንያቱም አደጋው እኛ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ይለያል። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ከማራኪ ወይም ከቴዎድሮስ ግቢ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ ተማሪ፣ ፍላሹን የሚሰካው በዚያው ቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ሲሰካበትና ሲነቀልበት በዋለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፊልምና መዝሙር የሚጭኑ ሱቆችም እንዲሁ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ሲቀር የብዙ ቤት ኮምፒውተር ሳይታደስ ከርሟል፤ ፋይልም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ሲዘዋወር ቆይቷል። በዚህ ላይ ኮምፒውተር ሲገዛም ሆነ ፎርማት ሲደረግ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ዊንዶውስና ኦፊስ ተጭኖበት መምጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በእጃችን የምናስገባውን አስቀድመን፣ በኢንተርኔት የሚመጣውን አስከትለን እንሄዳለን።

እርምጃ 1፦ ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንዳለ ይወቁ

ከስታርት ሜኑ ሴቲንግስን ከፍተው «ሲስተም» የሚለውን፣ ከዚያም ከታች «አባውት» የሚለውን ይጫኑ። የዊንዶውሱ ዓይነት እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ዊንዶውስ 7 ግን ይህ የሴቲንግስ ገጽ የለውም። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ማይክሮሶፍት የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው ገና በጥር 2012 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ያ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ለጽሕፈት ብቻ ቢያገለግል ይሻላል። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ይሁን እንጂ ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ይቀጥላል። ለዚህ የሚመዘገቡት በሴቲንግስ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» በሚለው ገጽ ላይ ሲሆን፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ሴቲንግስዎን ባክአፕ እንዲያደርግ ከፈቀዱ ገንዘብ ሳይከፍሉ ማግኘት ይችላሉ። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ እና ከኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ በከተማችን ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች የቆዩት አይቀበሉትም። እንዲህ ላለው ማሽን በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠሩትን ሊነክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ መጫን በነጻ የሚገኝና በአግባቡ የሚሠራ አማራጭ ነው።

ቀጥሎ በሴቲንግስ ውስጥ «አክቲቬሽን» የሚለውን ይክፈቱ። ዊንዶውሱ የነቃው በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት አማካይነት እንደ ሆነ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካዩ፣ ኮምፒውተሩም ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሳይሆን የግልዎ ከሆነ፣ ዊንዶውሱ በክራክ የተከፈተ መሆኑን በአመዛኙ መገመት ይቻላል። ይህ ብቻውን ቫይረስ አለ ማለት አይደለም። ነገር ግን ክራክ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን የሚጀምሩት ጸረ ቫይረሱን በማጥፋት ወይም በማሳወር ስለ ሆነ፣ የሚከተለውን እርምጃ በተለየ ጥንቃቄ ያከናውኑ።

እርምጃ 2፦ የዊንዶውሱን ጸረ ቫይረስ ያብሩ፤ የተደበቀውን ቀዳዳም ይድፈኑ

ዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተባለ ጸረ ቫይረስ አብሯቸው ይመጣል። ለቤት ተጠቃሚ ይህ ይበቃል። ጸረ ቫይረስ ለመግዛት ያሰቡትን ገንዘብ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቢገዙበት የተሻለ ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ከስታርት ሜኑ ፈልገው ይክፈቱና «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ገብተው «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑ። «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን»፣ «ክላውድ ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚሉት ሦስቱም መብራት አለባቸው። የመጨረሻው፣ ሌላ ፕሮግራም እርስዎን ሳያስፈቅድ ዲፌንደርን እንዳያጠፋ የሚከላከል ነው።

በዚያው ገጽ ላይ ወደ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ። ይህ ጸረ ቫይረሱ እንዳይፈትሻቸው የተነገረው የፎልደሮችና የፋይሎች ዝርዝር ነው፤ ብዙ ሰው ከፍቶት አያውቅም። እርስዎ ያልጨመሩት ነገር፣ በተለይም ሲ ድራይቭ በሙሉ ወይም «ቴምፕ» የተባለው ፎልደር ተመዝግቦ ካገኙ፣ ጸረ ቫይረሱ በርቶ እያለ እንዳያይ ተደርጓል ማለት ነው። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያጥፉ። ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሰው «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» የሚለውን መርጠው ያስጀምሩ። ይህ ፍተሻ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክተው ቢያከናውኑት ይመረጣል።

ሁለት ጸረ ቫይረስ ጎን ለጎን መጫን ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም፤ ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል እንጂ። አብሮት የመጣ የሌላ ኩባንያ የሙከራ ጸረ ቫይረስ ጊዜው አልፎበት ካገኙት ያራግፉት፤ ዲፌንደር ቦታውን ይይዛል።

እርምጃ 3፦ ማሻሻያ እንዳይቋረጥ ያድርጉ

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. በብዙ አገሮች የሆስፒታልና የድርጅት ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት አስቀድሞ፣ በመጋቢት ወር፣ ደፍኖት ነበር። የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑትና ድጋፍ በተቋረጠበት ዊንዶውስ የሚሠሩት ናቸው። የእኛ ችግር ግን ብዙውን ጊዜ ከቸልተኝነት ሳይሆን ከዳታ ዋጋ ይመነጫል። ኮምፒውተሩ በስልክ ሆትስፖት ሲገናኝ፣ ዳታ እንዳይበላ ሲባል ግንኙነቱ «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ተብሎ ይሞላል፤ ዊንዶውስም ይህን አክብሮ አብዛኞቹን ማሻሻያዎች ሳያወርድ ይቆያል። ወር ሁለት ወር እንዲህ ይከርምና ባለቤቱ ሁሉ ነገር የታደሰ ይመስለዋል።

መፍትሔው ሜተርዱን አጥፍቶ ዳታን ማፍሰስ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ የሌሊት ጥቅል ገዝተው ወይም በሚያምኑት ዋይፋይ ላይ ሆነው፣ ገደቡን ለዚያ ሰዓት ብቻ ያንሡና «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ይጫኑ። ጭራሽ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ መረጃ ማይክሮሶፍት በአንድ ፋይል አድርጎ በራሱ ገጽ ላይ በነጻ ያስቀምጣል። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርደው፣ ንጹሕ በሆነ ፍላሽ ይዘው፣ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ ክሊክ በማድረግ ብቻ ይጭኑታል። ይህን ፋይል ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከሌላ ድረ ገጽ አይውሰዱ። ማሻሻያ እየተጫነ ሳለ መብራት ከጠፋ ዊንዶውሱ ላይነሣ ስለሚችል፣ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ከሌለው መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን ባይጀምረው ይሻላል።

እርምጃ 4፦ ፍላሽ

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። በኅትመት ቤቶች አዘውትሮ የሚያጋጥመው ቫይረስ ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ይፈጥራል፣ ወይም ሁሉንም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ከቶ የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት ብቻ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱ ይነሣል፣ ፎልደሩም አብሮ ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም የተለየ ነገር የተፈጠረ አይመስልም። ልዩነቱን ለማየት አይኮኑን በቅርበት ይመልከቱ፦ በግራ በኩል ከታች ትንሽ የታጠፈች ቀስት አለች፤ በዝርዝር ሲታይም ዓይነቱ «ሾርትከት»፣ መጠኑ ከ1 እስከ 2 ኪሎባይት ብቻ ይሆናል። እውነተኛ ፎልደር ግን በዚያ ዝርዝር ላይ መጠን አይጻፍበትም።

አስቀድመው ሁለት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛ፣ በሴቲንግስ ውስጥ «አውቶፕሌይ» የሚለውን ያጥፉ። ሁለተኛ፣ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው «ቪው» ውስጥ የፋይል ስም ኤክስቴንሽን (ቅጥያ) እንዲታይ ምልክት ያድርጉ። ይህ ሲሆን «ማመልከቻ.ፒዲኤፍ» መስሎ የመጣው ፋይል በስተመጨረሻው «ኢኤክስኢ» የሚል ቅጥያ የያዘ ፕሮግራም መሆኑ ይገለጥልዎታል። ከዚያ በኋላ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ሲሰካ፣ ከመክፈትዎ በፊት የፍላሹን አይኮን በቀኝ ክሊክ ነክተው በዲፌንደር ያስፈትሹት።

ፍላሽዎ ተይዞ ካገኙት ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስላልጠፉ ቸኩለው ፎርማት አያድርጉት። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ያጽዱ፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ ያጸዱትን ፍላሽ መልሰው በሰኩት ቅጽበት እንደገና ይይዘዋል። ኮምፒውተሩ ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያዝዙ፣ የሲስተም ፋይሎችን እንዲደብቅ የሚያዘውንም ምልክት ያንሡ። አሁን ፈዘዝ ብሎ የሚታይ ፎልደር ብቅ ይላል፤ ሰነዶችዎ የሚገኙት በውስጡ ነው። የዎርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ። ቅጥያቸው ኢኤክስኢ ወይም ቪቢኤስ የሆኑትንና ሾርትከቶቹን አይንኩ። የገለበጡት ሰነድ በትክክል መከፈቱን አይተው ሲያበቁ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችንም መልሰው ይደብቁ።

ለወደፊቱ የሚበጀው ግን ፍላሹን ጭራሽ አለመውሰድ ነው። ጽሑፍዎን በፒዲኤፍ አዘጋጅተው ለኅትመት ቤቱ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ይላኩላቸው። ኢንተርኔት ካልሠራ፣ ሌላ ምንም ነገር የሌለበት አንዲት አነስተኛ ፍላሽ ለዚሁ ሥራ ብቻ መድበው ይጠቀሙ፤ ቤት ስትመለስ ፎርማት ትደረጋለች እንጂ አትከፈትም። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ደግሞ በኤስዲ ካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች መዝጊያ ወደ «ሎክ» ገፍተው ካርዱን ቢሰጡ፣ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ፎቶውን ያነብባሉ እንጂ በካርዱ ላይ ምንም አይጽፉም።

እርምጃ 5፦ ከክራክ ይራቁ

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሲወርድ «ጸረ ቫይረስዎን ያጥፉ፣ አለበለዚያ አይሠራም» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ሰውየው በር ከፍቶ ሌባ አስገብቶ «አትጩህ» እንደ ተባለ ውሻ ጸረ ቫይረሱም ዝም ይላል። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ በመባል የሚታወቀው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም በዋናነት የቤት ተጠቃሚዎችን ያጠቃው በዚህ መንገድ ነው። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የተባለ ጽሑፍ ትቶ 980 ዶላር ይጠይቃል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ ደግሞ ወደ 490 ዶላር ዝቅ እንደሚያደርግ ያስታውቃል። ገንዘቡን ወደ ብር መንዝረው ሲያዩት፣ በክራክ ተቆጠበ የተባለው ሁሉ ከቁም ነገር የሚገባ አይሆንም።

አማራጩ ብዙ ነው። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሰንጠረዥ ሊብረኦፊስ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ፣ የታመቀ ፋይል ለመክፈት ሰቨን ዚፕ በነጻ ይገኛሉ፤ ዎርድና ኤክሴልም በብራውዘር ውስጥ በነጻ ይሠራሉ። አማርኛ ለመጻፍ ብቻ ብሎ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም መጫንም አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ካልተመቸዎትም ኪማን የተባለው ነጻ ፕሮግራም አለ። ሁሉንም ከባለቤቶቻቸው ገጽ ያውርዱ፤ በፍለጋ ውጤት አናት ላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ የሚወጣው አንዳንድ ጊዜ የሐሰተኛ ገጽ ስለሚሆን ይዝለሉት።

እርምጃ 6፦ ለልጆችና ለእንግዳ የተለየ አካውንት ይክፈቱ

በሴቲንግስ «አካውንትስ» ውስጥ ለቤተሰቡ «ስታንዳርድ ዩዘር» የሆነ አካውንት ይፍጠሩ። የአድሚኒስትሬተሩን፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለውን አካውንት፣ የይለፍ ቃል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሁኑ። ልጆች ጌም ሊጭኑ ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃል ስለሚጠይቅ የመጫኑ ውሳኔ ወደ እርስዎ ይመጣል።

እርምጃ 7፦ ብራውዘር፣ ቴሌግራምና የይለፍ ቃል

በማያ ገጹ ማዕዘን «ኮምፒውተርዎ በአምስት ቫይረስ ተይዟል» የሚል መልእክት በየጊዜው ብቅ የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን ቀደም ሲል ፊልም ሲፈልጉ «አላው» ብለው የፈቀዱለት ድረ ገጽ ማሳወቂያ ነው። በክሮም «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተው የማያውቁትን ሁሉ ያግዱ። ቀድሞ በብራውዘር ውስጥ ቪዲዮና ጌም ያጫውት የነበረውን ፍላሽ ፕሌየርን ያድሱ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ሐሰት ነው፤ አዶቤ ፕሮግራሙን በ2013 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ጨርሶ አቋርጦታል። አዲሱ ማታለያ ደግሞ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር» የሚለውን ፊደል አብረው ተጭነው፣ የተገለበጠውን ለጥፈው ኢንተር እንዲሉ የሚያዝዝ ገጽ ነው። ይህን የሚጠይቅ ትክክለኛ ድረ ገጽ የለም። ያደረጉት እንደ ሆነ ሰላዩን ፕሮግራም የጫኑት በገዛ እጅዎ ነው።

እነዚህ ሰላይ ፕሮግራሞች በብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን፣ እንዲሁም በኮምፒውተሩ ላይ ክፍት የሆነውን የቴሌግራም አካውንት ይሰርቃሉ። የተሰረቀው ቴሌግራም ወዲያው ለዘመድ ወዳጁ «ብር ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ላክልኝ» የሚል መልእክት መበተኛ ይሆናል። ስለዚህ በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ያብሩ፤ «ዲቫይስስ» በሚለው ስር የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡ። ለኢሜይልዎ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ረጅም የይለፍ ቃል ይስጡት፤ የሌሎች አካውንቶች መክፈቻ ሁሉ የሚላከው ወደ እሱ ነው። የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥር ለማንም፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ጭምር፣ አይሰጥም። የዲቪ ዕጣ ደርሶዎታል የሚል ኢሜይልም እንዲሁ ወጥመድ ነው፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለአሸናፊዎች በኢሜይል አያሳውቅም፣ ውጤቱ የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥር በራሱ ገጽ ላይ ነው።

ቤትዎ የመስመር ኢንተርኔት ካለው፣ የዋይፋዩንም ሆነ የራውተሩን መግቢያ የይለፍ ቃል ሲገጠም ከነበረው ይለውጡ።

እርምጃ 8፦ መጠባበቂያ ቅጂ

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የሠርግና የክርስትና ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የተቃኙ ሰነዶች ቢያንስ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጠው መቀመጥ አለባቸው። ዋናው ነገር ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ መነቀሉ ነው፤ ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም ሲገባ፣ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ጥቂት ሰነዶች ደግሞ ጉግል ለአንድ አካውንት በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ቅጂው ይሠራ እንደ ሆነ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ፋይል ከፍተው ይሞክሩት።

እርምጃ 9፦ ቫይረስ ከገባ በኋላ

ኢንተርኔቱን ይቁረጡ፣ የተሰካውን ዲስክና ፍላሽ ሁሉ ይንቀሉ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ባንክም ሆነ ኢሜይል አይክፈቱ። የይለፍ ቃሎችዎን ንጹሕ ከሆነ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሆነው ይለውጡ፤ ከኢሜይሉ ይጀምሩ። ከዚያም በዲፌንደር «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ያስጀምሩ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ይፈትሻል፣ የሚፈጀውም በአብዛኛው 15 ደቂቃ ያህል ነው። ችግሩ ካልለቀቀ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ግድ ይላል፤ መጫኛውን ግን ከማይክሮሶፍት ገጽ ያውርዱት።

ፋይሎችዎ ከተቆለፉ አይክፈሉ፤ ከፍለው ያልተመለሰላቸው አሉ። የተቆለፉትን ሳያጠፉ ያስቀምጡና፣ በ2008 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ካስፐርስኪና ማካፊ በጋራ ባቋቋሙት «ኖ ሞር ራንሰም» በተባለው ገጽ ላይ ነጻ መክፈቻ እንዳለ ይፈልጉ። ገንዘብ ከተወሰደብዎት ለባንክዎ ወዲያውኑ፣ ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክቱ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሕገ ወጥ ሰርጎ መግባትንም ሆነ የማጭበርበር ድርጊትን በወንጀል ያስቀጣል። የመልእክቶቹንና የክፍያውን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።

ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ቤት የሚወስዱ ከሆነ፣ ቢያንስ ከቴሌግራምና ከኢሜይል ወጥተው፣ የግል ፎቶዎችን ወደ ዲስክዎ አሳልፈው ይስጡ። ለባለሙያው ክራክ እንዳይጭን አስቀድመው ይንገሩት። ሥራው አልቆ ሲረከቡም፣ ዲፌንደር መብራቱንና «ኤክስክሉዥንስ» የሚለው ዝርዝር ባዶ መሆኑን እዚያው እሱ ፊት ከፍተው ያዩና ሒሳቡን ይክፈሉ።